ብረት በብረት ውስጥ አያልፍም

ሽብሩን የገደለው የገዛ ማሽኑ ነው። ከሆሳዕና ወደ ፎንቆ በሚያስወጣው መንገድ ዳር ባለው ወርክሾፑ ውስጥ፣ ለዶዮገና ሴቶች ማኅበር የተሠራው የቆጮ መጭመቂያ ሲሞከር፣ ከላይ ያለው ከባድ ብረት ድንገት ወርዶ ደረቱን ደቆሰው። እንሰቱ ሲሞላ ያ ብረት የሚያርፈው በአንዲት ማቆሚያ ጥርስ ላይ ነበር። ጥርሷ ከዳችው። ማሽኑን የነደፈችው ሐዳሳ ያኔውኑ ታሰረች፤ ከተማውም «ልጅቷ ናት የገደለችው» ብሎ ፈረደ። ከተማ መቼ ማስረጃ ጠብቆ ያውቃል!

ኢንስፔክተር ሊሻን ግን ሰው ስለፈረደ የምትፈርድ ሴት አልነበረችም።

«መዝገቡን ዝጊው» አሏት አለቃዋ ኮማንደር ሰይፈሥላሴ። «የንድፍ ስህተት ነው። የነደፈችበት ኮምፒውተር ራሱ መስክሯል።»

«ኮምፒውተሩን ያስመሰከረው ሰው ነዋ፣ ጌታዬ።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ!»

«እንግዲያው ሞኝ ልባል። አልዘጋም!» አለችና ወጣች።

ወርክሾፑ ውስጥ በያጁ ጋሽ ጥላዬ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«ጥርሷን የሠሯት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። በሥዕሉ ልክ ቆረጥኩ፣ በየድኩ፣ ሁሉንም አረንጓዴ ቀባሁ። ኮምፒውተር እንደሆነ ማብራቱንም አላውቅ።»

«ያን ቀን እንሰቱን መሙላት የነበረበት ማን ነው?»

«ሐዳሳ ናት እንጂ! በእኛ አገር እንሰት የሴት ሥራ አይደል? ወንድ አይጠጋም። ሽብሩ ግን ‹በገዛ ማሽኔ ማንን ላፍር ነው?› ብሎ ገፋ አደረጋትና ራሱ ገባ። እኛም ሳቅንበት። ወይኔ!» ብሎ ፊቱን ሸፈነ።

ሁለተኛው ነዳፊ ሲላስ የሐዳሳን ላፕቶፕ ይዞ ቀረበ። ሰውዬው ሐዘኑንም ልብሱንም አሳምሯል። የማሽኑን እንቅስቃሴ የሚያሳየውን ሶፍትዌር ከፈተ። በስክሪኑ ላይ ከባዱ ብረት ወረደና ታች ድረስ ዘለቀ።

«አዩ? ጥርሷን ስትነድፋት አሳጥራታለች። እኔም አዝናለሁ፤ እውነት ግን እውነት ነው።»

«እስቲ ድገመው። ቀስ አድርገህ።»

ደገመው። ሊሻን ከስክሪኑ ጋር አፍንጫዋ እስኪገናኝ ጎንበስ አለች። ብረቱ ጥርሷን ሰንጥቆ አለፈ። ጥርሷ አልተነቃነቀችም፤ ብረቱም አልዘገየም። ሊሻን ቀና አለች። እጅጌዋን ሰብስባ ከማሽኑ ሥር ወዳለው የቆጮ ውሃ መውረጃ ጉድጓድ ገባችና ጭቃውን ትዳብስ ጀመር። ተነቅላ የወደቀችውን ጥርስ አገኘቻት። አጥባ ስታያት ከጫፏ በቀር ዙሪያዋ ሁሉ አረንጓዴ ነው። ጫፏ እርቃኑን ያብለጨልጫል፤ አንድ ጥግ ላይ ከባዱ ብረት የቧጨረው ምልክት አለ።

ከዚያ ሐዳሳን ልታናግር ጣቢያ ሄደች። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ዓይኗም አልሰበር ብሏል።

«አሥሬ ቢጠይቁኝ አሥሬ የምመልሰው ያንኑ ነው። በእኔ ሥዕል ብረቱ አይወድቅም!»

«ሲላስ ባሳየኝ ላይ ግን ጥርሷን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው።»

«ሰንጥቆ? ሳይነካት?» ሐዳሳ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «ጥርሷ ተቀይራለቻ!»

«በምን አወቅሽ?»

«ሶፍትዌሩ እኮ ሁለት ብረት እንደሚነካካ በራሱ አያውቅም። ይሄና ይሄ ይገናኛሉ ብለን ኮንታክቱን መሙላት አለብን። ካልሞላን አንዱ በሌላው ውስጥ እንደ ጥላ ያልፋል። እኔ ሞልቼዋለሁ። አሮጌዋን ጥርስ አጥፍቶ ሌላ የሚያስገባ ሰው ግን ኮንታክቷንም አብሮ ያጠፋዋል፤ እንደገና ካልሞላው አለቀ።»

ሊሻን ፈገግ አለች።

በማግስቱ ሐዳሳንም ከጣቢያ አስመጥታ ሁሉንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኮማንደሩ እያጉረመረሙ መጡ። የሽብሩ ሚስት ሣራ ጥቁር ለብሳ በሩ ጋ ቆመች፤ ሐዳሳን ቀና ብላ አላየቻትም።

«ጋሽ ጥላዬ፣» አለች ሊሻን ጥርሷን እያሳየች፣ «ሥዕሉ አጭር ቢሆን ኖሮ ጫፏንም ይቀቡት ነበር?»

«እንዴታ!»

«ይኸው፣ ጫፏ አልተቀባም። ስለዚህ ረጅም ሆና ተሠርታ፣ ተቀብታ፣ ተገጥማ ካበቃች በኋላ ነው በግራይንደር የተቆረጠችው። ከባዱ ብረት ጫፏ ላይ ለአመል ያህል አረፈ፤ ማሽኑ ሲነቃነቅ አመለጠ። ሥዕሉስ ለምን አጭር ሆነ? የቆረጠው ሰው ጥፋቱን በሐዳሳ ለማላከክ ሥዕሉንም አብሮ ስላሳጠረ ነው። ኮንታክቱን መሙላት ግን ረሳ። ብረቱ በስክሪኑ ላይ ሲወርድለት የፈለገውን አገኘና እንዴት እንደወረደ ሳያይ ቀረ። እውነተኛዋ ጥርስ ተቧጭራለች፤ እሱ የሣላት ጥርስ አልተነካችም!»

«እሷ ራሷ ብትቀይረውስ?» አለ ሲላስ።

«ራሷን ለማሳሰር? ደግሞስ በዚያ ብረት ሥር መግባት የነበረባት ማን ናት? እሷ ናት! ገዳዩ ወንድ እንሰት አይነካም ብሎ በልማዳችን ተማመነ። ሽብሩ ልማዱን ጣሰና በሐዳሳ ቦታ ሞተ። እዚህ ሥዕል መቀየር የሚችሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ ሟች ልትሆን የነበረች ናት። ሌላው አንተ ነህ፣ ሲላስ።»

የሲላስ ፊት አመድ መሰለ። «ማሽኑ በእሷ ስም ሊወጣ ነበር!» ብሎ ጮኸ። «እኔ እያለሁ! ጋሽ ሽብሩን ማን ግባ አለው?»

ሣራ ዘላ አንገቱን ልትይዝ ስትል ጥላዬ ያዛት። ፖሊሶቹ ሲላስን አስረው ወሰዱት።

ኮማንደሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መልካም። ይህ ነፍስ የበላ ማሽን ግን ተቆራርጦ ይጣል።»

«ማን አባቱ ነው የሚቆርጠው!» አለች ሣራ። ድምጿ ወርክሾፑን አናወጠው። «ባሌን የበላው ሰው ነው! እኛ ስንፍቅና ስንጨምቅ ወገባችን ሲቆረጥ የት ነበራችሁ? ጋሽ ጥላዬ፣ ሌላ ጥርስ ይሥሩልኝ። አንቺም፣ የእኔ ልጅ፣ እንዳትሸሺ። መጀመሪያ ከእኔ ጓሮ በመጣ እንሰት እንሞክረዋለን። እኔ ራሴ ነኝ የምሞላው።»

ሐዳሳ ይሄን ጊዜ አለቀሰች። እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች።

«መጀመሪያ እኔ እገባለሁ፣ እትዬ» አለች። «ከእኔ በፊት ማንም ሥሩ አይገባም።»