ማብራሪያ የሌለው ለውጥ

«ለመላው ሠራተኛ የተሰጠ ጥብቅ ማሳሰቢያ፦ ከማክሰኞ ጀምሮ ካሪ ፓፍ የተባለውን ሳምቡሳ በሥራ ጠረጴዛ ላይ መብላት ፈጽሞ ክልክል ነው። ኡይ ቺን ሆክ፣ የማሽን ማንቀሳቀሻ ኮድ (ድራይቨር) ክፍል ኃላፊ።»

ረቡዕ ቀትር ላይ ወረቀቱ በፕሮግራመሩ በሳይፉል ደም ተረጭቶ ነበር። የፋብሪካው ሮቦት የብረት ክንድ ግድግዳው ላይ አጣብቆ ሦስቴ ደለቀው፤ መጀመሪያ ጎድኑን፣ በመጨረሻ ራስ ቅሉን።

ኢንስፔክተር ሮኪያ ማሳሰቢያውን ሁለቴ አንብባ ወደ ማሽን ኦፕሬተሩ ወደ ማዝላን ዞረች።

«የአደጋ ማቆሚያውን አልተጫንክም?»

«ሰባቴ፣ ፑዋን ኢንስፔክተር። ጠዋት ስንፈትሸው ክንዱ ቀጥ ይል ነበር። ቀትር ላይ ግን ሳይፉል ይጮሃል፣ እኔ ቁልፉን እደበድባለሁ።»

ፕሮግራመሯ ቫሳንቲ እጆቿ በካቴና ታስረው ተቀምጣለች። ማቆሚያውን ያበላሸው የኮድ ለውጥ ትናንት በስሟ ነው የገባው።

«ምንም እንደማያውቅ ሰው ቁጠሪኝና አስረጂኝ» አለቻት ሮኪያ።

«ይሄማ አይከብድሽም፣ አክስቴ» አለች ቫሳንቲ፤ እዚያ አገር ታላቅ ሰው ሁሉ አክስት ወይም አንክል ነው። «ኮዱ ሜሞሪ የሚጠይቀው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ‹ከሌለ ተኝቼ እጠብቃለሁ› ይላል። ሌላው ‹አሁኑኑ ስጠኝ፣ ከሌለም ንገረኝ፤ አልተኛም›። ትናንት እንደተደረገው ማቆሚያው ላይ የሚተኛውን ማስገባት ነፍስ ማጥፋት ነው።»

«ታዲያ ጠዋት እንዴት ሠራ?»

«ሜሞሪው ባዶ ነበራ። ቀትር ላይ አንድ ሰው ሜሞሪ የሚሞላውን የጭነት ሙከራ ለቀቀበት።»

«ለውጡ ሲገባስ የት ነበርሽ?»

«በረንዳ ላይ ካሪ ፓፌን እየበላሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ተከልክያለሁ። ኮምፒውተሬን ክፍት ትቼው ወጣሁ።»

ሮኪያ ኃላፊውን ኡይን ጨምሮ ሠራተኞቹን ሁሉ ሰበሰበች።

«ሚስተር ኡይ ለውጥ የሚያሳልፉት እንዴት ነው?» አለቻት ቫሳንቲን።

«ያለ ማብራሪያማ የማይታሰብ ነው» አለች ቫሳንቲ። «አንዲት ነጥብ ብቀይር እንኳ ‹ለምን? በጽሑፍ አብራሪ› ብለው ይመልሱብኛል።»

ሮኪያ ወደ ኡይ ዞረች። «የትናንቱ ለውጥ ማብራሪያው ባዶ ነው፤ በአራት ደቂቃ ግን አለፈ። ያሳለፉት እርስዎ ነዎት፣ ሚስተር ኡይ። አሥራ አምስት ዓመት ሰው ሲያስጽፉ ኖረው ራስዎ መጻፉን ዘነጉት። ልጅቷን ከጠረጴዛዋ ያስነሳው ማሳሰቢያም የእርስዎ ነው፤ ክፍት በተወችው ኮምፒውተር ለውጡን አስገቡ። የጭነት ሙከራውን የሚለቅ የይለፍ ቃል ያለውስ ማን ነው?»

«እሳቸው ብቻ» አለ ማዝላን። «ሳይፉልንም ‹ክንዱ ሥር ገብተህ እየው› ያሉት እሳቸው ናቸው።»

«ሳይፉል ደግሞ በመጪው ሰኞ የእርስዎን ኮድ ጠቅላላ አውጥቶ ሊጥለው ነበር» አለች ሮኪያ።

ካቴናው ከቫሳንቲ እጅ ወጥቶ ወደ ኡይ ዞረ። ቫሳንቲ የቀላ አንጓዋን እያሸች ፊቱ ቆመች።

«አንክል ኡይ፣ በእኔ ስም ለምን? በጽሑፍ ባይሆንም ያብራሩልኝ።»

ኡይ መነጽሩን አስተካክሎ እጁን ለፖሊሱ ዘረጋ።

«አላብራራም።»