ሦስት ጊዜ ተመትቶ አራት የመለሰው እንጨት

ይሄ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ለማስደንገጥ ወሬ አልፈበርክም።

ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ እናገራለሁ፣ ልጄ ትጽፋለች። ጆሮዬ ግን የተማረ ነው። ጉድ ያደረገኝም እሱ ነው።

ደግሞ ጨለማ ምናምን እንዳትጠብቁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ጠራራ ፀሐይ፣ የገዛ ግቢዬ ውስጥ።

ባለቤቴ አናጺ ነው። አናጺ እንጨት ከመቁረጡ በፊት በጣቱ አንጓ ሦስቴ ይመታና ያዳምጣል። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይመልሳል። ውስጡ የተበላው ድምፁ ይታፈናል።

የኔ ሰውዬ ከስምንት ዓመት ወዲህ አይሰማም።

ለደንበኛ ግን ትንፍሽ አይልም፤ ኩራቱ ከኔም ይብሳል። እሱ ይመታል፣ እኔ ጎኑ ቆሜ እሰማለሁ። ደህና ከሆነ ራሴን እነቀንቃለሁ። እንዲህ ሆነን ስንት ቤት አቆምን።

ያ እንጨት የወጣው ከፈረሰ ድልድይ ነው። ስልሳ ዓመት ውኃ ውስጥ ቆሞ አልበሰበሰም። ዝናብ ከማያቋርጥበት ሩቅ ጫካ የመጣ ነው አሉ። ቁራጩን ባልዲ ውስጥ ብጥለው እንደ ድንጋይ ሰመጠ። ምስጥ አይደፍረውም። ቀድመው ካልሰረሰሩት ምስማር አይገባውም። አንድ ጣውላ እስኪወጣው መጋዙን ሦስት ጊዜ ሞረድነው።

እኔ ደግሞ በር ያስፈልገኝ ነበር። የዕቃ ቤቱን በር ምስጥ ጨርሶት፣ ያቺ ምላሷ ከምስጥ የማይሻል ጎረቤቴ፣ "የአናጺ ሚስት በመጋረጃ ትኖራለች" እያለች መሳቂያ አድርጋኛለች።

ባሌ ሦስቴ መታ።

ኳ... ኳ... ኳ...

እንጨቱ አራት መለሰ።

አራተኛው ዘግይቶ ነው የመጣው። ቀስ ብሎ... ከውስጥ።

ባሌ ዓይን ዓይኔን ያያል። "እህ?"

ራሴን ነቀነቅኩ።

በሩ ተሠራ። ከተራፊው ለኔ በርጩማ ሠራልኝ። ጎረቤቴ መጥታ አየችው። "አሁን ሳቂ" አልኳት።

አሥራ አንድ ቀን በደህና ተከፈተ፣ ተዘጋ።

አንድ ነገር ብቻ... ቀትር ላይ እንኳ ስነካው ይቀዘቅዛል። እርጥብ ነው። ሣር በደረቀበት ወር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የልጄ ልጅ ወንፊት ልታመጣልኝ ዕቃ ቤት ገባች። የሰባት ዓመት ልጅ ናት፣ ድንቡሼ ነው የምንላት።

በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።

ነፋስ አልነበረም።

ገፋሁት። ንቅንቅ አልል አለ። አብጦ መቃኑን ነክሶታል።

ዕቃ ቤቱ መስኮት የለውም። ድንቡሼ አስም አለባት። የምትስበው መድኃኒቷ ደግሞ... እኔ ኪስ ውስጥ ነው።

"አያቴ..."

"አለሁ።"

"ትንፋሽ... አጠረኝ።"

"አትናገሪ። ደህና ከሆንሽ በሩን ሦስቴ ምቺልኝ። እሺ የኔ እናት?"

ኳ... ኳ... ኳ...

ባሌን በእጅጌው ጎትቼ አመጣሁት። በመጥረቢያ መታው፤ መጥረቢያው ነጥሮ ስለቱ ተሸረፈ። መጋዝ አስገባ፤ ጭስ ጭስ ሸተተ እንጂ አልቆረጠም። ማጠፊያው በውስጥ በኩል ስለሆነ አይፈታም። የገዛ እጁ ሥራ እምቢ አለው።

"ግድግዳውን እንዳልንደው ጣራውን የያዘው እሱ ነው" አለኝ። "ልጅቷ ላይ ይወርዳል።"

መድኃኒቷን ጨብጬ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

"ድንቡሼ?"

ኳ... ኳ... ኳ...

ተመስገን። ብርቱ አመታት ነው።

"ደህና ናት፣ ሳትደነግጥ ሥራ" አልኩት በእጄ ምልክት።

በመሮ መፈልፈል ጀመረ። የጥፍር ታህል እያነሳ። እኔ እጠይቃለሁ... ይመታል። እጠይቃለሁ... ይመታል። ግማሽ ሰዓት ሳይሄድ አልቀረም።

ከዚያ አንድ ነገር አስተዋልኩ።

የሚመታው ከጆሮዬ በላይ ነው።

ከራሴም በላይ...

ድንቡሼ ቁመቷ ወገቤ ድረስ ነው።

"የኔ እናት..." አልኩ። "ዝቅ ብለሽ ምቺ።"

ኳ... ኳ... ኳ...

ዘግይቶ፣ ቀስ ብሎ...

አራተኛው።

ዲጂኖውን አንስቼ ባሌ ደረት ላይ ጣልኩት።

"ግድግዳውን ናደው።"

"ጣራው..."

"ጣራው በኔ ይውረድ። ናደው አልኩህ።"

ናደው። ግማሹ ጣራ ትከሻዬ ላይ ወረደ፤ እስከዛሬ ክንዴን አላነሳም። በአቧራው ውስጥ በእጄ እየዳበስኩ ገባሁ።

ድንቡሼ በሩ ጋ የለችም። መጨረሻው ጥግ፣ ከጆንያዎቹ ኋላ፣ ኩርምት ብላለች። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል።

መድኃኒቱን አፏ ውስጥ ነፋሁ። ምንም።

ደገምኩ። ምንም።

"ተቀበዪኝ... ተቀበዪኝ ልጄ..."

በሦስተኛው ደረቷ ተነሳ።

ጭኔ ላይ አስተኝቼ እስኪመለስላት ጠበቅሁ። "ጎበዝ" አልኳት። "እየመታሽልኝ ነው የበረታሁት።"

ትክ ብላ አየችኝ።

"እኔ አልመታሁም አያቴ። ሲመታ ጆሮዬን ደፍኜ ነበር።"

ባሌ ከንፈሯን ሲያነብ አየሁት። ወደኔ ዞረ። መደበቅ አልቻልኩም፤ አራት ጣቴን አወጣሁ።

"ያን ቀን... አራት ነበር የሰማሁት።"

ዲጂኖውን ከእጁ ጣለ።

"እኔኮ" አለኝ፣ "ያንቺን ጆሮ ነበር ያመንኩት።"

በአርባ ዓመት ትዳር ብዙ ተሰዳድበናል። እንደዚያ ያለ ቃል ግን አልተናገረኝም።

በሩን ስድስት ጎረምሳ ተሸክመው ወንዙ ጥልቅ የሆነበት ቦታ ጣሉት። አረፋ እንኳ ሳያወጣ ሰመጠ።

ይሄ ሁሉ ካለፈ ወር ሆነው።

ትናንት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የሸሚዝ ቁልፍ እተክላለሁ። ባሌ ፊት ለፊቴ ያንጎላጃል።

ድንገት ቀና አለ።

"ሰው ያንኳኳል" አለኝ። "አትከፍቺም?"

እኔ ምንም አልሰማሁም። ስምንት ዓመት ያልሰማው ሰውዬ ግን ጆሮውን አዘንብሎ ያዳምጣል።

ተነስቶ መጣ። ጎንበስ አለና የተቀመጥኩበትን በርጩማ በጣቱ አንጓ ሦስቴ መታ።

ከዚያ እንደ ድሮው ዓይን ዓይኔን እያየ ጠበቀ።

አራተኛው...

ከሥሬ መታኝ።