የእትዬ መስኡዳ መጠቅለያ

ሀውራ አጨበጨበች። ከሁሉም በኋላ ጀምራ ከሁሉም በፊት አቆመች እንጂ ማጨብጨቡንስ አጨብጭባለች። ቀናች ብሎ የሚያማት ቢመጣ ምስክር አላት።

ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር የበራው የጓደኛዋ የራዚያ ሥራ ነው። መደቡ ጥቁር ሰማያዊ፣ ግርጌው ላይ ነጫጭ የሞገድ መስመሮች፣ ጎኑ ላይ «የመስኡዳ ዓሳ» የሚል ወፍራም ጽሑፍ። መሐሉ ላይ ደግሞ በወርቃማ ቀለም እንደ ሐረግ የተጠማዘዘ «ቢስሚላህ» በዐረብኛ ተጽፏል። ክፍሉ ውስጥ ካሉት አሥራ አንድ ተማሪዎች ዓይኑን ከዚያ ጽሑፍ ላይ የነቀለ አልነበረም። ከሀውራ በቀር፤ እሷ ቦርሳዋ ውስጥ ምንም ሳይጠፋባት አንዳች ነገር ትፈልግ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ዲዛይን የሚያስተምራቸው መምህር ደሳለኝ ሐይቅ ከተማ ተወልዶ ያደገ ሰው ነውና «ዋና በወሬ አይለመድም» ማለት ይወዳል። የመጀመሪያው ቀን ስለ ቀለምና ስለ ፊደል ብዙም ሳያወራ የባጃጆቹን የታሪፍ ሰሌዳ እንደገና እንዲሠሩ አዘዛቸው። የሠሩትን አትሞ ግድግዳ ላይ ይለጥፍና አሥር እርምጃ ርቀው እንዲያነቡት ያደርጋል። ያልተነበበለት ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ክርክር የለም። ቀጥሎ የአንድ ሻይ ቤት የምግብ ዝርዝር መጣ።

ሦስተኛው ሥራ ግን ከመለማመጃ ያለፈ ነበር። እትዬ መስኡዳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር ዓሳ እየጠበሱ ለመንገደኛ ይሸጣሉ። እስካሁን የሚጠቀልሉት በአሮጌ ጋዜጣ ነው፤ አሁን ስማቸው ያለበት የራሳቸው መጠቅለያ ወረቀት አማራቸው። የተመረጠው ሥራ ደሴ ሄዶ ሦስት ሺህ ይታተማል። ሠሪው ደግሞ ክረምቱን እዚያው ማተሚያ ቤት፣ በትልልቆቹ ማሽኖች ላይ ሲለማመድ ይከርማል። ሀውራ ይህን የሰማች ዕለት በሐሳቧ ደሴ ገብታ፣ የምታድርበትን የአክስቷን ቤት አልጋ ሳይቀር አንጥፋ ጨርሳ ነበር።

እትዬ መስኡዳ ለምርጫው ተጠርተው መጥተው፣ የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ግድግዳው ፊት ቆሙ። ወርቃማውን ጽሑፍ አዩና ፊታቸው በራ። «ማሻአላህ» አሉ። «ይሄስ ዓሳ የሚጠቀለልበት ሳይሆን ሳሎን የሚሰቀል ነው።» ሁሉም ሳቀ፤ ምርጫውም በዚያው አለቀ። የሀውራን ሥራ ደግሞ ጥሩ ነው፣ አላህ ያሳድግሽ ብለው አለፉት። ደሳለኝ ሁለተኛ መሆኗንና ራዚያ ደሴ መሄድ ካልቻለች ተራው የእሷ እንደሆነ ነገራት። ሁለተኛ መውጣት መጨረሻ ከመውጣት የሚብስበት ቀን አለ፤ ሀውራ ያን ቀን አወቀችው።

አንጀቷን ያሳረረው ደግሞ ሌላ ነው። ራዚያን ማን አስተማራት? መስከረም ላይ ራዚያ ፊደል ከፎቶ ላይ መደረብ እንኳ አታውቅም ነበር። በእረፍት ሰዓት ከግቢው ዛፍ ሥር አስቀምጣ፣ ስልኳ ላይ፣ በራሷ ዳታ፣ የቱ ጽሑፍ መጉላት የቱ ማነስ እንዳለበት፣ ባዶ ቦታ ለምን እንደሚተው ያሳየቻት ሀውራ ናት። ከዚያ ኩዌት ያለችው የራዚያ እህት ዑምኩልሱም ላፕቶፕ ላከች። ራዚያ በሰፊ ስክሪን ላይ ስትሠራ ሀውራ ግን ከእናቷ ጋር በምትጋራው ስልክ ቀረች። የዓሳውን ሥዕል ለመጨረስ ስትቃረብ ከውጫሌ የሚደውሉ ዘመዶች አይጠፉም፤ ስልኩ ሲጠራ አፑ ይዘጋል፤ ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል። ሦስት ጊዜ ጠፍቶባት ሦስት ጊዜ ሠርታዋለች።

«ላፕቶፑ ነው የሠራው» አለች በልቧ። ሐሰት መሆኑን ግን ታውቃለች። ራዚያ ያን ጽሑፍ ሳምንት ሙሉ በእርሳስ ደብተሯ ላይ ስትስልና ስታጠፋ አይታታለች። ይህን ማወቋ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

ከክፍል ሲወጡ ራዚያ ተከትላት መጣች። ሁልጊዜ የሚሄዱት አብረው ነውና ሀውራ ዛሬ ለብቻዬ ልሂድ የምትልበት ምክንያት አጣች። የእትዬ መስኡዳ ምጣድ አጠገብ ሲደርሱ ራዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና ላፕቶፑን ከፈተች። ፋይሉ ነገ እሑድ በአሥር ሰዓት ለማተሚያ ቤቱ በቴሌግራም መላክ አለበት፤ ሰኞ ጠዋት ማተም ይጀምራሉ።

«አቦ አንዴ እዪልኝ» አለች። «አንቺ ዓይንሽ ሹል ነው። እኔ አፍጥጬበት አፍጥጬበት አሁን ምንም አይታየኝም። ምን ጎደለው?»

በዚያው ቅጽበት የወልድያ ሚኒባስ ቆመ። እትዬ መስኡዳ ሁለት የተጠበሰ ዓሳ በጋዜጣ ጠቅልለው በመስኮት አቀበሉ። መስኮቱ ዳር የተቀመጠው ሰውዬ ረሃብ ጠንቶበት ኖሮ እዚያው ፈቶ በላ። ሌላው ተሳፋሪ ሸንቶ እስኪመለስ አንዱን ዓሳ ጨረሰ፤ ከዚያ አጥንቱን በዘይት በራሰው ወረቀት ጠቅልሎ ወደ ውጭ ወረወረ። ውሻ መጥቶ ወረቀቱን በእግሩ ረግጦ አጥንቱን አወጣ። ሚኒባሱ ሲነሣ የኋላ ጎማው ወረቀቱ ላይ አለፈ።

ሀውራ ከመንገዱ ወደ ስክሪኑ ዞረች። ወርቃማው «ቢስሚላህ» መሐሉ ላይ ተቀምጧል። ሦስት ሺህ ወረቀት። እያንዳንዱ አጥንት ተጠቅልሎበት ይጣላል፤ እያንዳንዱን ውሻና ጎማ ይረግጠዋል። ግድግዳ ላይ ስላዩት ማንም አላሰበውም፤ ደሳለኝ አላሰበውም፣ እትዬ መስኡዳ አላሰቡትም፣ ይሄው ራዚያም ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ ስክሪኗን ብቻ ታያለች።

ሀውራ ደስ አላት። ደስታው ሙቅ ነበር፤ ብርድ ላይ ቆይተው እሳት ዳር እንደ መቀመጥ። ወረቀቱ ታትሞ በተበተነ በሳምንቱ የሚሆነውን አየችው፦ የመስጂዱ ሽማግሌዎች እትዬ መስኡዳ ምጣድ ፊት ቆመው፣ እትዬ መስኡዳ አንገታቸውን ደፍተው፣ ራዚያ ከቤት አልወጣ ብላ። ከደሴም ራዚያ ቀርታ ሁለተኛዋ ተጠርታ።

«ምንም አልጎደለውም» አለች። «እንዳለ ላኪው።»

ራዚያ በእፎይታ ተነፈሰችና አመሰገነቻት።

ሀውራ ቤቷ ገብታ ራሷን አጽናናች። እኔ አልሠራሁት፤ እኔ አልመረጥኩት፤ የጠየቀችኝ ደግሞ ስለ ዲዛይኑ ነው፤ ዲዛይኑ ደግሞ ያምራል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አዋቂዎች። አዋቂዎቹ የሀውራን ዝምታ አላዩትም እንጂ በአንድ ቀን ነቀዝ ገብቶበታል። ለዐስር ሰላት ቆማ ፋቲሓን ስትጀምር የመጀመሪያዋ ቃል፣ ቢስሚላህ፣ ምላሷ ላይ ቆመች። እንደምንም ጨርሳ ተነሣች። እናቷ ምን ሆነሽ ሲሏት ራሴን አሞኝ ነው አለች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እናቷ ከገበያ ሲመለሱ እጃቸው ላይ ጭቃ የነካው የካርቶን ቁራጭ ነበር። ከሳዑዲ የተመለሰ ሰው ዕቃ የመጣበት መሆን አለበት፤ የዐረብኛ ጽሑፍ አለበት። እናቷ ጭቃውን በመቀነታቸው ጫፍ ጠርገው ሳሙትና ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ፣ ከዚህ ቀደም ከየመንገዱ ካነሷቸው ቁርጥራጮች ጎን፣ ወሸቁት። ሀውራ መድረሳ ገብታለችና ማንበብ ትችላለች፤ እናቷ ግን አይችሉም።

«እማ፣ ሻይ ነው የሚለው። የሻይ ካርቶን ነው።»

«ይሁን» አሉ እናቷ። «ፊደሉ ያው አይደል? የአላህ ስም የሚጻፍበት ፊደል መሬት ሲረገጥ አይቼ እንዴት ልለፍ።»

ከዚያ ወደ ጓዳ ገቡ። እሳቸው የሻይ ካርቶን አላሳለፉም። ልጃቸው ግን ስሙ ራሱ፣ ሦስት ሺህ ጊዜ ተጽፎ እንዲረገጥ ትናንት እንዳለ ላኪው ብላለች። ይህን ያደረገችው ደግሞ ለአንድ ክረምት ብላ ነው። ሀውራ ፊቷ ጋለ። በመላ አገሩ ከእሷ የከፋ ሰው ያለ አልመስል አላት፤ እንዲህ የሚያስብ ሰው ብዙ መሆኑን ለማወቅ ገና ልጅ ናት። ሰዓቱን አየች። ዘጠኝ ተኩል አልፏል።

የራዚያ ቤት ከመናኸሪያው በላይ ነው። ስልኩ ሒሳብ የለውም፤ ለባጃጅ የሚሆንም ስላልያዘች ዳገቱን በሩጫ ወጣችው። ስትሮጥ ሁለት ጊዜ ቆመች። አንደኛው ለትንፋሿ ነው። ሁለተኛው ግን ደሴን አስባ ነው፦ አሁን ብትመለስ ማንም አያውቅም፤ ብትናገር ራዚያ ታስተካክለዋለች፤ ካስተካከለችው ክረምቱ የራዚያ ነው። ለምን እንደገና እንደሮጠች እሷም አታውቀውም። ብቻ እግሯ ቀደማት።

ራዚያ በረንዳው ላይ ላፕቶፑን አስቀምጣ ኔትወርክ እስኪመጣ ትጠብቃለች።

«እንዳትልኪው» አለች ሀውራ ገና ከደጅ።

«ምን ሆነሽ ነው? ላብሽ እኮ ይንጠባጠባል።»

«ወረቀቱ የዓሳ መጠቅለያ ነው፣ ራዚያ። ሰው በልቶ አጥንቱን ይጠቀልልበትና ይጥለዋል። መንገድ ላይ፣ ከነቢስሚላሁ። ውሻም መኪናም ይረግጠዋል።»

ራዚያ መጀመሪያ ነገሩ አልገባትም። ከዚያ ስክሪኑን አየች፤ እጇ ቀስ ብሎ ወደ አፏ ሄደ። «አስተግፊሩላህ» አለች በሹክሹክታ። ሳምንት ሙሉ የሳለችው ጽሑፍ ነበር፤ ለበረካ ብላ ያስገባችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ። የቴሌግራሙን ገጽ ዘጋች፤ መዘጋቱን ለማረጋገጥ እንደገና ከፍታ እንደገና ዘጋችው። ከዚያ ተነሥታ ሀውራን አንገቷን አቀፈቻት።

«አላህ ነው የላከሽ ወላሂ። ያ ሁሉ ሰው አይቶት አንድም ሰው አላሰበውም እኮ። ለቲቸር እነግረዋለሁ፣ ያዳነችኝ ሀውራ ናት እላለሁ።» አሁንም እንዳቀፈቻት ጠየቀች። «መቼ ታየሽ? አሁን ነው?»

አዎ ማለት ይበቃ ነበር። አዎ ብትል ነገሩ አምሮ ያልቃል፤ ዳገት በሩጫ ወጥታ ጓደኛዋን ከውርደት ያዳነች ልጅ ትሆናለች። ደሳለኝ በክፍሉ ፊት ስሟን ያነሣል። ምስጋናው ቀድሞ ደርሶ አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል፤ ሞቅ ይላል። ትናንት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ የተሰማት ሙቀትም እንዲሁ ነበር።

«ትናንት ነው» አለች። «እትዬ መስኡዳ ጋ። ስትጠይቂኝ ታይቶኝ ነበር።»

የራዚያ ክንድ ላላ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ ፊቷን አየቻት።

«ምንም አልጎደለውም ነው እኮ ያልሽኝ።»

«አዎ።»

«ለምን?»

ሀውራ ላፕቶፑን፣ ስልኩን፣ ከውጫሌ የሚደውሉትን ዘመዶች፣ ሦስት ጊዜ የጠፋውን ዓሳ ሁሉ ልትዘረዝር አስባ ነበር። አፏ ሲከፈት የወጣው ግን አጭር ነው።

«ቀንቼብሽ ነው። ከደሴ እንድትቀሪ ፈልጌ ነበር።»

ራዚያ ተቀምጣ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አወጣችና ወርቃማውን ጽሑፍ መርጣ አጠፋችው። ሰማያዊው መደብ መሐሉ ላይ ባዶ ቀረ። ያን ባዶ ቦታ ብዙ ጊዜ አየችው። ሀውራን ሂጂም ተቀመጪም አላለቻትም።

የግቢው በር ክፍት ነበር። ሀውራ አንዴ ወደ በሩ አየች፤ ከዚያ ራዚያ የምትላትን ሁሉ ልትሰማ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።