በእማዬ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ሴትዮ

ይህ ታሪክ በእኔ ላይ፣ በገዛ ቤቴ፣ በጠራራ ፀሐይ የደረሰ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር።

"ፈጠራ ነው" የምትሉ ካላችሁ እዚሁ ላይ አቁሙ። ከእናንተ ጋር የምጨቃጨቅበት አቅም የለኝም። የምጽፈው ነገ ፊልም ሰሪዎች በሩን ለሚያንኳኩበት ሰው ነው።

ቤታችን መንገድ ዳር ነው። የምኖረው ከእማዬ ጋር ነበር። ዓይኗ ደክሟል፤ ካልደገፏት አትራመድም። በዚህ ዓለም የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው... ጨለማ።

"ልጄ፣ ጨለማ ውስጥ ብቻዬን እንዳትተዪኝ" ትለኛለች።

"እኔ እያለሁ? ሞቼ ነው!" እላታለሁ።

ክፍሏ ውስጥ መብራት ጠፍቶ አያውቅም።

ፊልም ሰሪዎቹን ያመጣብን ወንድም ጋሼ ነው። እኔን ሳይጠይቅ የእማዬን ክፍል ለአንድ ቀን ፈቀደላቸው። "ቤታችን ፊልም ላይ ሊወጣ ነው እኮ!" አለኝ ጥርስ በጥርስ ሆኖ።

ይውጣለትና!

ጠዋት መጡ። መንገዱን በመኪና ዘጉት። በራችን ላይ ወረቀት ለጠፉ... ካሜራውን አትዩ፣ ጥሩምባ አትንፉ፣ "ዝም" ስንል ዝም በሉ። በገዛ ቤቴ ሳል ቢይዘኝ አንዱ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ገላመጠኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ማለት ይሄ ነው።

ይባስ ብለው የቤቱን መስኮት ሁሉ፣ የእማዬን ጭምር፣ በጥቁር ጨርቅ ሸፈኑት። እማዬ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ እያለች!

"ምን እየሠራችሁ ነው?"

"ታሪኩ የሌሊት ነው" አለኝ ዳይሬክተሩ፣ ፊቴን እንኳ ሳያይ። "ቀኑን ሌሊት እናደርገዋለን።"

ደሜ ፈላ። ወንድም ጋሼ ግን በዓይኑ ለመነኝ። ለእማዬ ሹራቧን አለበስኳትና ደግፌ ይዣት ወጣሁ። ከመንገዱ ማዶ ጎረቤታችን እትዬ አሉ፤ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። እሳቸው ዘንድ ትቆያለች ብዬ ነው።

ከክፍሉ ስንወጣ እማዬ ቆም አለች።

"ወንበሬ ላይ ማናት?"

ዞር ብዬ አየሁ። እውነትም አንዲት አሮጊት ጀርባዋን ሰጥታን ተቀምጣለች።

"ተዋናይ ናት እማዬ። ነይ ይልቅ።"

"ታዲያ ለምን ትጠራኛለች?"

ሴትዮዋ ምንም አልተናገረችም። እኔ የሰማሁት ነገር የለም... እማዬ አርጅታለች ብዬ ይዣት ወጣሁ።

እትዬ ጋ አስቀምጫት ተመለስኩ። ዕቃችንን እንዳይሰብሩ ለመጠበቅ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። የድምፅ ባለሙያው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ እዚያው ተቀምጧል። ከሁሉም እሱ ይሻላል፤ ቢያንስ ሰላምታ ያውቃል።

"እናትሽ ጎበዝ ናቸው" አለኝ በሹክሹክታ።

"እናቴን የት አወቅካት?"

በአገጩ ወደ ክፍሉ ጠቆመኝ። "መብራት እስኪስተካከል ተቀምጠውልናል እኮ። እንዲህ ዝም የሚል ሰው አላጋጠመኝም። ማይኩ አጠገባቸው ነው... ትንፋሻቸው እንኳ አይሰማም።"

ሳቄ መጣ። "እሷማ እናቴ አይደለችም። የእናንተዋ ተዋናይ ናት።"

ማዳመጫውን አወለቀ።

"የእኛዋ ተዋናይ መኪና ውስጥ ናት። ገና ሜካፕ እየተቀባች ነው..."

በሩን ገፋ አድርጌ አየሁ። ሴትዮዋ ንቅንቅ አላለችም። በደብዛዛው መብራት ልብሷን አየሁት። ግራጫ ሹራብ ነው። ክርኑ ላይ በሰማያዊ ክር ተጥፏል።

የጣፍኩት እኔ ነኝ። ቅድም ለእማዬ ያለበስኳት ሹራብ ነው!

እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ የልብስ ኃላፊዋን ፈለግኳት።

"የእናቴን ሹራብ አውልቃችሁ ለማን ነው የምታለብሱት?"

"ኧረ እኛ ማንንም አላለበስንም!"

"ታዲያ ያቺ ሴትዮ ማናት?"

ልጅቷ ግራ ተጋባች። "መስኮቱን ሸፍነን ስንጨርስ ተቀምጠው አገኘናቸው። የቤቱ ሰው መስለውን... 'እማማ፣ ይመችዎታል?' አልናቸው።"

"ምን አለቻችሁ?"

"ራሳቸውን ነቀነቁ።"

ክው አልኩ። እኛ የእነሱ መስላን። እነሱ የእኛ መስላቸው። ቤት ሙሉ ሰው ተሰብስቦ አንድ እንኳ "ይህች ሴት የማን ናት?" ያለ የለም።

ያን ጊዜ የቤቱን መብራት አጥፍተው የሚሠሩበት፣ ውጭ ያቆሙት ጀነሬተር ቀጥ አለ።

ቤቱ ድቅድቅ ያለ ጨለማ ሆነ። በስምንት ሰዓት! ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እኛ የራሳችንን መዳፍ ማየት አልቻልንም።

"ማንም እንዳይንቀሳቀስ!" አለ ዳይሬክተሩ። "ኬብል ትረግጣላችሁ!"

ባለንበት ቆምን።

ከእማዬ ክፍል ድምፅ መጣ።

"ልጄ... መብራቱን አብሪልኝ።"

የወለደችኝ እናቴ ድምፅ ይጠፋኛል? እማዬ ናት!

"እንዳትገቢ" አለኝ ወንድም ጋሼ። ክንዴን ጨምድዶ ይዞኛል።

"ልቀቀኝ!"

"እማዬ እትዬ ጋ ናት... ራስሽ ነሽ የወሰድሻት..."

መንጭቄው ገባሁ። እየዳበስኩ ሄድኩ። ጉልበቴ ወንበሩን ነካ።

አንድ እጅ እጄን ያዘኝ።

ሞቃት ነው። ቆዳው የሳሳ፣ አጥንቱ የሚቆጠር... ሳጥባት ስዳብሰው የኖርኩት እጅ ነው። እኔ ግን ፈራሁ። ጮኼ እጄን መነጨቅኩ።

ወደ መስኮቱ ተወርውሬ ጥቁሩን ጨርቅ ቦጨቅኩት። ፀሐይ ገባ።

ወንበሩ ባዶ ነው። ሹራቡ ብቻ መቀመጫው ላይ ወድቋል።

መንገዱን በሩጫ ተሻገርኩ። እትዬ ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። አኩርፈዋል።

"እማዬስ?"

"ምን እማዬ ትይኛለሽ? አንቺው ወሰድሻት እኮ!"

"መቼ?"

"አስቀምጠሻት እንደወጣሽ። ወዲያው ተመልሰሽ ደጃፉ ላይ ቆምሽ። 'ፊልሙ አለቀ፣ ነይ' አልሻት።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ደሞ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ! ፊትሽን አንዴ እንኳ አላዞርሽልኝም። ምን አድርጌሽ ነው?"

እዚያው ደጃፋቸው ላይ ተቀመጥኩ።

ያልፈለግንበት ቦታ የለም። ፖሊስ መጣ፣ ሰፈሩ ወጣ፣ ጉድጓድ ሳይቀር ታየ። ፊልም ሰሪዎቹ ዕቃቸውን ጠቅልለው ላጥ አሉ። በራችን ላይ የለጠፉትን ወረቀት እንኳ አላነሱትም። ወንድም ጋሼ ከዚያ ወዲህ ይህን ቤት አይረግጥም። ቢረግጥም አልከፍትለትም።

የእናቱን ቤት ለማያውቀው ሰው የሚከፍት ሁሉ ይስማኝ። ካሜራቸው አይደለም የሚያስፈራው። መኪናቸውም፣ ጩኸታቸውም አይደለም። ቤታችሁን ከማጨለማቸው በፊት የሁሉንም ፊት እዩ። አንድ በአንድ እያሳያችሁ "ይሄ የእናንተ ነው ወይ?" በሉ። ያፍሩባችሁ። ይሳቁባችሁ!

እኔ የእማዬን መብራት እስከዛሬ አላጠፋሁም። ቀንም ሌሊትም ይበራል። መጋረጃውን ጭምር አንስቼዋለሁ። ሹራቡን አጥፌ ወንበሩ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ትናንት በምሳ ሰዓት ክፍሉን እየጠረግኩ ነበር። ፀሐዩ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። እትዬ ከውጭ መስኮቱን አንኳኩ።

"ምነው ልጄ፣ ይህን ጥቁር ጨርቅ መልሰሽ ሰቀልሽው?"

"የምን ጨርቅ? መስኮቱ ላይ ምንም የለም እትዬ።"

በጨርቅ ቀዳዳ እንደሚያጮልቅ ሰው ፊታቸውን መስታወቱ ላይ ለጠፉ። እኔ አየኋቸው። እሳቸው ግን አላዩኝም... ዓይናቸው ከእኔ አልፎ ወደ ወንበሩ ሄደ።

"ኧረ ለእናትሽ መብራቱን አብሪላት" አሉ በሹክሹክታ። "ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ እጇን ዘርግታ እየለመነችሽ ነው እኮ..."

ቀስ ብዬ ዞርኩ።

ወንበሩ ባዶ ነው።

አጥፌ ያስቀመጥኩት ሹራብ ግን እጥፉ ተፈቷል። አንዱ እጅጌው ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ተዘርግቷል።