የኋለኛው ጋላቢ አቧራ

ልጁን በጉያቸው ቢደብቁት እንኳ ከዚህ ጣጣ ያወጡት ይሆን? አያት ዓይናቸውን ከልጅ ልጃቸው ላይ አላነሱም። ብስክሌት ለሚጋልቡ እንግዶች ከሚያከራዩት ቤታቸው ጓሮ፣ መጋዘኑ ውስጥ፣ የመሐንዲሱ አስከሬን በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ተኝቷል። ሸለቆውን ናዳ ስለዘጋው የእንግዶቹን ሻንጣ የጫነው መኪና እንኳ ማለፍ አቅቶታል። የፖሊስ መርማሪዋ ናዳውን በእግሯ ተሻግራ እንደገባች በሩን ቆለፈችና ቁልፉን ኪሷ ከተተች።

«ከእንግዲህ ማንም አይወጣም።»

ጠዋት ኮረብታውን እየተሳሳቁ የወጡት ሦስት ነበሩ፦ መሐንዲሱ፣ የሚስቱ ወንድም የሆነው የጥርስ ሐኪም፣ እና መንገድ መሪያቸው የአያት የልጅ ልጅ፣ በቅጽል ስሙ ፔዳል። የኮረኮንቹ ቁልቁለት ኩርባ ላይ የሁለት ዛፎች ቅርፊት በገመድ ተልጧል፤ የመንደሩ ሰዎች ከገደል ባወጡት አስከሬን ደረት ላይም የገመድ ሰንበር አለ። አንድ ሰው ቀድሞ ደርሶ ገመድ ወጥሮ ጠብቆታል።

«ዶክተር፣ እርስዎ የት ነበሩ?»

«ከመሐንዲሱ ኋላ። ፔዳል ነው ቀድሞን ከዓይን የተሰወረው።»

«ውሸት!» ፔዳል ብድግ አለ። «ፎቶ ላንሳችሁ ብለህ የቀደምከው አንተ አይደለህም እንዴ? እኔ ከኋላ አቧራ ስቅም ነው የወረድኩት!»

ሐኪሙ የፔዳልን ንጹሕ ሸሚዝ በአገጩ ጠቆመ። «አቧራ የቃመ ሰው እንዲህ ሙሽራ ይመስላል?»

«የጋለብክበት ልብስ የታለ?» አለች መርማሪዋ።

«አጠብኩታ!» አያት ከልጁ አፍ ነጠቁ። «ላብ ነበረበት፤ ደረቱ ደካማ ነው፣ ሳል ይጀምረዋል ብዬ...»

«ሬሳ እቤትዎ ገብቶ ሳለ ልብስ ያጥባሉ፣ እማማ?»

አያት ጣቶቻቸውን ማፍተልተል ጀመሩ። መርማሪዋ አልተጫነቻቸውም። መጋዘኑ ገብታ ብስክሌቶቹን ጎንበስ ብላ ስታይ ቆየችና ሁለት የውሃ ኮዳ ይዛ ተመለሰች። ሁሉንም ሰው ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠች።

«ኮረኮንች ላይ ከኋላ የሚጋልብ የፊተኛውን አቧራ ይለብሳል። ይህ የፔዳል ኮዳ ነው፤ እስከ አፉ አቧራ ጋግሮበታል። ይህ ደግሞ የእርስዎ ነው፣ ዶክተር።»

ኮዳው ያብለጨልጫል።

«ጠርጌው ይሆናል።»

«ሹራብዎንስ? ሻንጣዎ ናዳው ማዶ ስለቀረ የለበሱት የጋለቡበትን ነው። ጥቁር ሆኖ ሳለ አንድ ብናኝ የለበትም። ከፊትዎ አቧራ የሚያስነሳ ሰው አልነበረም ማለት ነው። የቀደሙት እርስዎ ነዎት።»

ሐኪሙ የሹራቡን እጅጌ ተመለከተ።

«የእህቴን የተሰበረ ጥርስ ስተክል የኖርኩት እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «በመጣች ቁጥር ‹ወደቅሁ› ነው የምትለኝ። የሚጥላት ማን እንደሆነ አጥቼው ነው?»

አያት እፎይ ብለው ፔዳልን ሊያቅፉ እጃቸውን ዘረጉ። እሱ ወደኋላ አለ።

«እማማ፣ ልብሴን ለምን አጠብሽው?»

«አልኩህ እኮ፣ ላብ...»

«ገዳዩ እኔ መስዬሽ ነው።»

«ቢሆንም ልጄ ነው አልኩ! ፈራሁ፣ የኔ ጌታ! ምን ላድርግ?»

«ያ አቧራ እኮ ምስክሬ ነበር። አንድ ቃል ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

መርማሪዋ ሐኪሙን ይዛ ለመሄድ በሩን ከፈተች። ፔዳል ግን ቀደማት።

«ልጄ፣ ብርድ ነው! ኮትህን እንኳ...»

ዞር ብሎ አላየም። ከቤት ወጣ።