በእጅ የተቆረሰ ቂጣ

«ይሄ ለሰው ነው ለበሬ?» አሉ ከጎኗ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ የሩይሊንን ጎድጓዳ ሳህን አጮልቀው እያዩ።

ሩይሊን የቆረሰችውን አየች። አንዳንዱ አውራ ጣት ያህላል። የሽማግሌው ሳህን ውስጥ ያለው ግን ሽምብራ ሽምብራ አክሎ፣ አንዱ ከሌላው አይበልጥም። ቂጣው በደንብ ሳይበስል ሆን ተብሎ ከእሳት የሚወጣ ስለሆነ ድርቅ ያለ ነው፤ ጣቶቿ ከአሁኑ ቀልተዋል።

«አትጣደፊ» አሏት። «አርባ ዓመት እዚህ ስበላ አንድ ቀን ተጣድፌ አላውቅም። እየቆረሱ ካልሆነ ወሬ መቼ ሊወራ ነው?»

ከፊት ለፊቷ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ዱዎዱዎ ግን ወሬውም ቂጣውም ሰልችቷታል። «ኧረ ቶሎ በይ! ነገ እኮ ነው የምናቀርበው።»

ነገ በክፍላቸው እያንዳንዱ ቡድን ስለ አንድ የከተማቸው የሺያን ምግብ ይናገራል። ለእነሱ የደረሳቸው ቂጣ በበግ መረቅ ነው፤ በላተኛው ቂጣውን ራሱ ቆርሶ ይሰጣል፣ ወጥ ቤት ውስጥ በመረቅ ይበስልለታል። ሌላው ከኢንተርኔት ይገልብጥ፤ ሩይሊን የፈለገችው የምግብ ቤቱን ባለቤት የጋሽ ሻን ወጥ ቤት ማየት ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ በወጥ ቤቱ ትንሽ መስኮት ሳህን ሲገባና ሲወጣ ታያለች። ጋሽ ሻ የአንዱን ከሌላው ሳይቀላቅሉ እያንዳንዱን ሳህን ለብቻው ነው የሚሠሩት። የበላተኛውን ፊት ሳያዩ የእሳቱን ልክ በምን ያውቁታል? ይህ ነገር ሁልጊዜ ይከነክናታል። ዛሬ ታዲያ ቂጣውን ሲያቀብሏቸው «በእጃችሁ ቆርሳችሁ ጨርሱ፣ አስገባችኋለሁ» ብለው ቃል ገብተውላቸዋል።

ጣቶቿን ቀዝቃዛ ውኃ ልታስነካ ተነሳች። ስትመለስ ሳህኗ ሞልቷል። ዱዎዱዎ በቾፕስቲክ እያማሰለችው ነው። ከእሷ ቁራሾች መሃል ጥርት ያሉ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ብቅ ጥልቅ ይላሉ። ለቸኮለ ሰው በር ላይ በቅርጫት የሚቀመጠው፣ ማሽን የቆረጠው ቂጣ ነው።

«ዱዎዱዎ!»

«አታካብጂ ባክሽ! መረቅ ውስጥ ከገባ ማን ይለየዋል?» አለችና ሳህኑን ከነተራ ቁጥሩ በመስኮቱ ሰደደችው።

ሩይሊን አፈረች። ግን ወጥ ቤቱ አጓጓትና ተመልሳ ቦታዋ ተቀመጠች።

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ሻ ነጭ ቆባቸውን እንዳደረጉ ሳህኑን ይዘው ወጡ። መረቅ የሚባል ጠብ አላለበትም።

«ይሄን ማነው የቆረሰው?»

«ሁለታችን ነን ጋሼ» አለች ዱዎዱዎ ፈጠን ብላ። «በእጃችን።»

ጋሽ ሻ ቁራሹን በጣታቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉት። «ትልልቁ ረጅም እሳት ይፈልጋል። ይሄ ደቃቁ ወዲያው ይሟሟል፤ ጎኑ ደግሞ ልሙጥ ነው፣ መረቅ አይጠጣም። የቱን ሰምቼ ላብስለው?» ወደ ሩይሊን ዞሩ። «በእጃችሁ ነው፣ የኔ ልጅ?»

ለካ የሰው ፊት አያስፈልጋቸውም፤ ሁሉን የሚነግራቸው ቂጣው ነው! ሩይሊን በደስታ ልትጮህ ምንም አልቀራት። ወዲያው ግን ዱዎዱዎ በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጠቻት። አዎ ካለች አሁኑኑ ይገባሉ። ጓደኛዋም አትዋረድም።

«ትልልቁ የኔ ነው» አለች ሩይሊን። «ሌላው የማሽን ነው።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጋሽ ሻ አልተቆጡም፤ በር ላይ የተሰለፈውን ሰው በአገጫቸው አሳዩአት። «መረቁ እስከ ስምንት ሰዓት መድረሱን እንጃ። ካለቀ እዘጋለሁ።»

«ገባኝ። ሌላ ሁለት ቂጣ ይስጡኝ፣ ጋሼ።»

ቂጣው መጣ። የዱዎዱዎ ፊት ቲማቲም መስሏል። «ሼባዎቹ ፊት አዋረድሽኝ እኮ!» አለች ጥርሷን ነክሳ። «በዚያ እጅሽ ሰዓት ይፈጅብሻል። መረቁ ቢያልቅስ? ነገ ምን ልንል ነው?»

ሩይሊን አንዱን ቂጣ ለሁለት ገመሰችው፤ ከዚያም ለአራት። ሌላውን ወደ ዱዎዱዎ ገፋ አደረገችላት።

«ካለቀ ደረቁን እበላዋለሁ» አለች፤ ከጠርዙ ቆንጥራ መቁረስ ጀመረች።