ከጀልባው ሳንቃ ጀርባ

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ ግን ግቢውን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ታሪኩንም ከራሷ ከአቻምየለሽ አፍ ነው የሰማሁት።

የሆነው ቡሬ ከተማ ነው። ባለፈው ዓመት፣ በወርኃ ኅዳር፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ።

ጨለማ አልነበረም... ፀሐይ አናት ላይ ነበረች።

አቻምየለሽና ባሏ ዘሩ በነቀምት መውጫ በኩል ትንሽ አልጋ ቤት አላቸው። ዘሩ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ጋቢና ውስጥ ተኮራምቶ መተኛት ከመልመዱ የተነሳ፣ ሥራውን ከተወ በኋላም ሰፊ አልጋ አልስማማው ብሎ ነበር።

አንድ ቀን ከባሕር ዳር ሲመለስ በኤፍ ኤስ አር መኪና የተጫነ አሮጌ ባለሸራ ጀልባ አስከትሎ መጣ።

"ምን ልታደርገው ነው?" አለችው።

"አልጋ ነዋ! እንግዳ ጀልባ ላይ አድሮ ይሄዳል። ደግሞ ነይ እዪው፣ ሆዱ ብዙ ነው።"

እውነቱን ነው። ግቢው መካከል በባሕር ዛፍ አጣና ደግፈው ካቆሙት በኋላ ገብታ አየችው። ጀልባ ሠሪ ስንዝር ቦታ አያባክንም። መኝታው ሲነሳ ከሥሩ ሣጥን አለ። የወለሉ ሳንቃ ሲነሳ ሌላ ጎድጓዳ ቦታ አለ። ከደረጃው ጀርባ እንኳ ባለ ክዳን ጓዳ ተደብቋል።

ቤት ለጠበባት ሴት ይህ ሲሳይ ነው። ከወለሉ ሥር ድንች አፈሰሰችበት። ከመኝታው ሥር ትርፍ ብርድ ልብስ አጣጥፋ አስቀመጠች።

በማግሥቱ ድንቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተገፍቶ አገኘችው። መካከሉ ባዶ ነው...

የአንድ ሰው ቁመት ያህል።

"አይጥ ነው" አለ ዘሩ።

ቀጥሎ ብርድ ልብሱ። አጣጥፋ የተወችው ተዘርግቷል። ሰው እንደተኛበት መካከሉ ጎድጉዷል። እርጥብ ነው። ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

ክረምቱ ከወጣ ሰንብቷል። ጀልባውም ከጣና ከወጣ ወራት አልፎታል።

"ሽጠው። ደስ አላለኝም" አለችው።

"አቻሜ... ገና አንድ እንግዳ ሳያድርበት?"

ሳንቃውን እንዲያድስ ሀብተሚካኤል የሚባል አናጢ ከማንኩሳ መጣ። ቃል የማያበዛ ሰው ነው። ጀልባውን ከውጭ ዞሮ ለካው። ገባ። ወጣ። እንደገና ገባ። ከዚያ ጠራት።

"እትዬ፣ ከዚህ ከፊተኛው ሳንቃ ጀርባ ሌላ ጓዳ አለ። ክንድ አይሞላም።"

"ታዲያ ክፈተዋ።"

አልከፈተውም። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ምስማሩን ይዩት..."

አየች። ከሳንቃው ብቅ ያለው የምስማሩ ሹል ነው። ወደ እነሱ።

"የተመታው ከወዲያ ነው። ከውስጥ..." አለ በሹክሹክታ። "የዘጋው ሰው በየት ወጣ?"

ከሳንቃው ጀርባ ድምፅ መጣ።

"ቤቶች!"

የሽማግሌ ድምፅ ነው። ረጋ ያለ። ደጃፍ ቆሞ እንደሚጣራ ጨዋ እንግዳ።

በቀትር የጠራን ሰው፣ ዓይኑን ሳያዩ አቤት አይባልም። ይህን በአገራችን ሕፃኑም ያውቀዋል። አቻምየለሽ የአናጢውን ክንድ ጭምድድ አድርጋ ያዘች።

ዘሩ ግን ከደረጃው በላይ ነበር፤ ሸራውን እየጠቀለለ። እንግዳ የመጣ መሰለው።

"ይግቡ!" አለ ጮክ ብሎ። "ይግቡ፣ ቤት የእንግዳ ነው!"

ሁለቱ ተንደርድረው ወጡ። ሀብተሚካኤል ዕቃውን እንኳ አላነሳም። ዘሩ የሆነውን ሲነግሩት ሳቀ።

"ታዲያ ይግቡ ያልኩትን ሰው ደጅ ላቁመው?" ብሎ መዶሻውን አነሳ።

"አንተ ሰው፣ በማርያም ይዤሃለሁ፣ ተው!"

"አሁን መጣሁ።"

ወረደ።

እሷ ከውጭ፣ ከጀልባው አፍንጫ ሥር ቆመች። በእሷና በዚያ ጓዳ መካከል ያለችው አንዲት ሳንቃ ናት። ዘሩ የምስማሩን ሹል እየመታ ወደ ኋላ ሲያስወጣው ትሰማለች።

ኳ... ኳ...

ምስማሩ ሲወድቅ ግን እንጨት ላይ እንደወደቀ አይደለም። ቆየት ይላል። ከዚያ ጥልቅ ውሃ ውስጥ እንደገባ ጠጠር...

ዱብ።

"ወይ ጉድ! አቻሜ፣ ሰፊ ነው!"

"ውጣ!"

"ወደ ውስጥ ይሄዳል... ገና ነው..."

ድምፁ ጆሮዋ ሥር መሆን ነበረበት። የሚመጣው ግን ከሩቅ ነው፤ ከወንዝ ማዶ እንደሚጣራ ሰው።

"ዘሩ!"

"መጣሁ..."

ይበልጥ ራቀ።

ቀጥሎ መዶሻ ሰማች። ምስማር ሲመታ።

ሮጣ ገባች። ሳንቃው ቦታው ላይ ነው። ሹሎቹ ወደ እሷ ወጥተዋል። የመጨረሻው ምስማር ዓይኗ እያየ ነበር ብቅ ያለው።

ጩኸቷን ሰምቶ ሀብተሚካኤል መጥረቢያ ይዞ ገባ። ሳንቃውን ፈለጠው። ከጀርባው ክንድ የማይሞላ ደረቅ ጓዳ አገኙ። የሸረሪት ድሩ እንኳ አልተበጠሰም። ሰውዬው አላመነም፤ የግቢው ብርሃን እስኪገባ ድረስ የጀልባውን ግድግዳ ሁሉ ፈለጠ።

ዘሩ የለም።

ፖሊስ መጣ፤ ጠየቀ፤ ሄደ። ቄሱ ጠበል ረጩ፤ ከደረጃው በታች ግን አልወረዱም። አቻምየለሽ እንዳትቀብረው ሬሳ የለም። እንዳትጠብቀው፣ ይመጣል የሚላት የለም።

በመጨረሻ ላቃጥለው ብላ ሀብተሚካኤልን ለመነችው። ነጭ ጋዝ በጄሪካን ይዞ መጣ። ቀትር ነበር። ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ አልነበረም።

ጀልባው ትንሽ ዘመም አለ።

ሰው እግሩን ሲያሳርፍበት ጀልባ እንደሚዘምመው። ተመልሶ ቀጥ አለ።

ደግሞ ዘመም አለ።

ደግሞ...

"እትዬ፣ ወደ ኋላ ይበሉ" አለ ሀብተሚካኤል። ጄሪካኑን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

እሷ አልተንቀሳቀሰችም። ጀልባው ላይ ማንም አይታይም። ነገር ግን ዳር ላይ የቆመ ሰው ለማየት ተሳፋሪው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሲሰበሰብ እንደሚሆነው...

ድጋፉ እያቃሰተ፣ ጀልባው ወደ እሷ አጋደለ።

እንደዚያው ቆየ።